ማኅበሩ ምን አመጣልሽ?

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ? ሥራውስ፣ ብርዱስ፣ በሰው አገር ብቻሽን መኖሩስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚያማት በቀር ሌላ ነገር የለባትም። በግቢዬ ጓሮ ያለውን ክፍሏን ቀለም አስቀብቼላታለሁ። እዚያ ያደረሰሽ አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት ሁሉ ይጠብቅሽ።

በስልክ መነጋገር እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ጆሮዬ ደክሟል፣ አንቺም ትጮሂያለሽ። ስለዚህ ጉዳዬን እንደ ልማዳችን በደብዳቤ ላድርገው።

ይህን ሆስፒታል መምራት ከጀመርኩ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደ ዘንድሮው ግን አላየሁም። ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑት ሬዚደንት ሐኪሞች የሠራተኛ ማኅበር እናቋቁማለን ብለው ተነሥተዋል። ከሆስፒታሉ ጋር የኅብረት ስምምነት እንፈራረም ይላሉ። ደመወዝ፣ የዓመት ፈቃድ፣ የተረኛ መኝታ፣ ምኑ ቅጡ! ባለፈው ሳምንት ተወካዮቻቸው ቢሮዬ መጡ። በሩን ከፍቶ ቀድሞ የገባው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የገዛ ወንድምሽ። ቤት ውስጥ ጨው አቀብሉኝ ለማለት የሚያፍረው ልጅ!

«በተረኛ ክፍሉ አንድ አልጋ ነው ያለው፤ እኛ ደግሞ አራት ነን» አለኝ።

«እኛ በናንተ ዕድሜ የበሽተኛ መመርመሪያ አልጋ ላይ ነው የተኛነው» አልኩት።

«በሽተኛው ታዲያ የት ተኛ?» አለኝ።

ሳቄ መጣና ዋጥኩት። እኔ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላየሁትም። የመጨረሻ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ ነው። ዘንድሮ ቢመረቅ ከእኔ ቀጥሎ የቤተሰባችን ሁለተኛው ቀዶ ሐኪም ይሆናል። አባታችሁ ካረፈ ጀምሮ የደከምኩት ለዚህ ነው።

አንቺ የምትሠለጥኚበት ሆስፒታል ሬዚደንቶቹ ማኅበር እንዳላቸው አንድ ጊዜ ነግረሽኝ ነበር። እስቲ ሳትደብቂ ጻፊልኝ፤ ማኅበሩ ምን አመጣልሽ? ደመወዝሽስ ማኅበር ከሌለበት ሆስፒታል ይበልጣል? ልጆቹ እኔን አያምኑኝም፤ አንቺን ግን ያምናሉ። የምፈልገው እውነቱን ብቻ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 3

ለምወድዎ አጎቴ፣

ጋሼ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍ እምቢ ይልዎት የነበረው ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ለእናቴ ክፍል ስላስቀቡት ቀለም እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሳምንቱን ሙሉ ተረኛ ስለነበርኩ መልሱን አዘገየሁ።

እውነቱን ጻፊ ካሉኝ እጽፋለሁ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ከዚህ ሁለት ፌርማታ ርቆ በሚገኝ፣ ማኅበር በሌለው ሆስፒታል ትሠለጥናለች። እኔም እሷም በተመሳሳይ ዓመት ላይ ነን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ የደመወዝ ወረቀቶቻችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን አየን። ልዩነቱ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የማኅበሩ መዋጮ ሲቀነስ እንዲያውም የኔ ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ በደመወዝ በኩል ማኅበሩ ያመጣልኝ ነገር የለም ብል አልዋሸሁም። ስብሰባውም ይረዝማል። የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ግማሾቻችን ቁጭ ብለን እንተኛለን።

ወረቀት መቆጠብ ልማዴ ስለሆነ በጀርባው እቀጥላለሁ።

ጋሼ፣ የጠየቁኝ ግን ማኅበሩ ምን አመጣልሽ ብለው ነው፤ ደመወዝ ደግሞ የነገሩ ግማሽ ነው። ባለፈው ክረምት ከአንድ በሽተኛ ደም ስቀዳ መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ይህ በስምምነታችን የተጻፈ ነገር ስለሆነ ምርመራውንም መድኃኒቱንም የቻለው ሆስፒታሉ ነው፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ዕረፍት ሰጡኝ። ጓደኛዬ ያው ሲደርስባት በዕረፍት ቀኗ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፋ ከኪሷ ከፈለች። በማግስቱ ሥራ ገባች። ያን ሰሞን ሌሊት እየደወለች ታለቅስብኝ ነበር።

የኛ የዓመት ፈቃድ ከነሱ ይረዝማል። የቤት ኪራይ ድጎማ አለን፤ እነሱ የላቸውም። ከሁሉ በላይ ግን አለቃ ስለተቆጣ ብቻ ማንም ከሥልጠናው አይታገድም። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ሲጠየቅም አንድ ባልደረባው አጠገቡ ይቀመጣል። ደመወዛችን ለምን እንደተቀራረበ ጓደኛዬን ስጠይቃት ሳቀች። «እናንተ ጭማሪ በተፈራረማችሁ ቁጥር የኛ አለቆች ማኅበር እንዳይመጣባቸው ያንኑ ያህል ይጨምሩልናል። መዋጮውን የምትከፍዪው ለኔም ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ይኸው እውነቱ። ወንድሜን አይጫኑት። በልጅነቱም የሚናገረው ሲበዛበት ብቻ ነበር።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 29

ለጠበቃዋ፣

በልጅነትሽ ያወጣሁልሽ ስም ይኸው ነበር፤ አሁን ሙያ አድርገሽዋል። ጤናሽን አልጠይቅም። ደህና ባትሆኚ ይህን ሁሉ ባልሠራሽ።

የሆነውን ስሚ። ጠዋት ጠዋት በሽተኛ የምንረካከብበትን አዳራሽ ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሳለሽ አምጥቼ አሳይቼሻለሁ። ሬዚደንቶቹ በሙሉ በተሰበሰቡበት ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩላቸው። ማኅበር ባለበት ሆስፒታል የምትሠለጥን ሐኪም፣ ያውም የመሪያችሁ እህት፣ የጻፈችውን ስሙ አልኳቸው። ደመወዙ እኩል መሆኑን፣ መዋጮው መቀነሱን፣ ስብሰባው ማስተኛቱን አነበብኩ። ፊታቸው ሲቀዘቅዝ ታየኝ። አንዷ አጠገቧ ያለችውን በክርኗ ጎሰም አደረገቻት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ልከት ስል ወንድምሽ ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ጀርባ አለው» አለኝ።

«ምን አልከኝ?»

«እህቴ በአንድ ገጽ ጽፋ አታውቅም። ይገልብጡትና ይቀጥሉ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ይህ አልበቃ ብሎ የማደንዘዣ ሠልጣኝ የሆነ አንድ ወፍራም ልጅ አለ፤ «መነጽርዎን ረስተው ከሆነ እኔ ላንብብልዎት» አለኝ። መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነበር! ነርሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ ሳቀች። እኔ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ብዙዎቹ አልተወለዱም።

ደብዳቤው የኔ ነው። የተጻፈው ለኔ ነው። የፈለግሁትን አነባለሁ፤ ያልፈለግሁትን እተዋለሁ። አንቺ ግን ለወንድምሽ ቀድመሽ ነግረሽው አዘጋጅታችሁ ጠበቃችሁኝ። ባታዘጋጁማ ጀርባ እንዳለው በምን ያውቃል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዳይገባ አግጄዋለሁ። በሽተኞች የሚተኙበት ዋርድ ውስጥ ቁስል ይጠብ። መመለስ ከፈለገ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሰው ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ከማኅበሩም ይውጣ። ይህን ጻፊለት። አንቺን ይሰማል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ለአጎቴ፣

ደህና ነኝ። ደህና ይሁኑ።

ለወንድሜ የነገርኩት አንድም ነገር የለም። የታገደ መሆኑን እንኳ የሰማሁት ከእርስዎ ነው፤ እሱ አንድ መስመር አልጻፈልኝም። ጀርባ እንዳለው በምን ያውቃል ብለው ጠየቁ። በአንድ ደብተር አብረን ስለተማርን ያውቃል። ከእኔ በኋላ ትርፍ ገጽ አግኝቶ አያውቅም፤ ዳር ዳሩን ነበር የሚጽፈው።

እውነቱን ብቻ ነው የምፈልገው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ጻፍኩልዎት። እርስዎ ከእውነቱ የሚመችዎትን ቆርጠው ሰው ፊት አቀረቡ፤ ያውም የወንድሜን ወገብ ለመስበር በእኔ አፍ። እኔ ልብስ ነኝ እንዴ ተቀድጄ የምሰፋው? አንድ ሐኪም የበሽተኛን የምርመራ ውጤት ግማሹን ብቻ አንብቦ መድኃኒት ቢያዝ ምን ያደርጉታል? ያባርሩታል። ደግሞም ልክ ነዎት።

አሁን ደግሞ እንደ ሐኪም ይመልሱልኝ። የመጨረሻ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሠልጣኝ በእጁ መሥራት ያለበትን ካልሠራ አይመረቅም፤ ይህን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁስል እንዲያጥብ የላኩት ዋርዱ እጅ ስለጎደለው ነው ወይስ ስለተሳቀብዎት? ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጥተውታል? ሰጥተውት ከሆነ ምን ብለው ጻፉ? «ወረቀት ገልብጥ ስላለኝ» ብለው?

ማኅበሩ ለምን እንዳስፈለጋቸው እስካሁን ያልገባው ሰው ካለ በዚያ ጠዋት ገብቶታል። እኔ ሦስት ገጽ ብጽፍ ያን ያህል ማስረዳት አልችልም ነበር።

ይቅርታ ጠይቅ ብዬ አልጽፍለትም። ቢቆጡም አልጽፍለትም። ያሳደጉን እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልካድኩም፣ አልክድምም። ግን ያሳደጉት እንዲጎነበስ ከሆነ ያኔውኑ ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 25

ለእህቴ ልጅ፣

ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። መልሱን ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ምላስሽ እስኪበርድ።

ይልቅ ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ አመሰግናለሁ። ማኅበር ደመወዝ አያመጣም ብለሻል። እንግዲያው እኔ አመጣዋለሁ አልኩ። ቦርዱን ለምኜ፣ በጀት አሸጋሽጌ፣ ለሬዚደንቶቹ በሙሉ የደመወዝ ጭማሪ አስፈቅጃለሁ። ሦስት ዓመት ሲጮሁለት ከኖሩት የሚበልጥ ነው። የምጠይቃቸው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የማኅበሩን ነገር ይተዉ፣ የወንድምሽንም ጉዳይ አያንሡ። በመጪው ወር አዳራሹ ውስጥ እጅ ያወጣሉ።

ስነግራቸው ፊታቸውን ማየት ነበረብሽ። ወፍራሙ ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ማስላት ጀመረ። አዲስ ያገቡ አሉ፣ ኪራይ የቆለሉ አሉ፣ የሚያስታምሙ አሉ። ወንድምሽን ይወዱታል፤ አዎ። ግን ወር ሲደርስ የሚከፍለው ፍቅር አይደለም። እንወራረድ ብልሽ አታደርጊውም፣ ምክንያቱም አንቺም ታውቂዋለሽ። ማኅበር ማለት ሰው የሚገባበት ለራሱ ነው፤ የሚወጣውም ለራሱ ነው።

ለወንድምሽ የቀረው ዕድል ከዚያ በፊት መጥቶ ይቅርታ መጠየቅ ነው። እጅ ከወጣ በኋላ ቢመጣ ዓመቱን ይደግማል። ከደገመ ደግሞ በእኔ ሆስፒታል አይደግምም።

ሌላ ጉዳይ። እናትሽ የጓሮውን ክፍል ለቃ ወንድምሽ የተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ገብታለች። ማደሪያቸውንና መቀመጫቸውን መጋረጃ ነው የሚለየው። ሄጄ ለመንኳት። «ልጄ ሥራው ሲመለስ እኔም እመለሳለሁ» ብላኝ በሩን ዘጋችው። የሥጋ እህቴ! ደጅ ላይ ያቆመችኝ ጎረቤት እያየ ነው። በዚያ ጉልበቷ ፎቅ ትወጣለች። እኔን ብትጠዪኝ ጥዪኝ፤ ለእሷ ግን እንድትመለስ ጻፊላት።

አጎትሽ


የካቲት 18

ለአጎቴ፣

መልስዎ ዘገየ ብዬ ስጨነቅ ነበር። ባይመጣ ይሻለኝ ነበር።

ልጆቹ ጭማሪውን አይወስዱትም ብዬ አልምልልዎትም። እኔ እዚህ ስንት ስብሰባ ላይ እንደተቀመጥኩ ያውቃሉ፤ ሰው ሲደክመው ለምን እጅ እንደሚያወጣ አይቻለሁ። ኪራይ ያለበት ሰው ገንዘብ ቢወስድ አልፈርድበትም። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ጀምሮ ዋርድ ውስጥ አንዱን በሽተኛ ሁለት ጊዜ እየጠየቅሁ ይስቁብኛል። ወንድሜ አምስት ዓመት የደከመበትን ነገር በሰው እጅ ላይ አንጠልጥለውበታልና። ደስ ይበልዎ፤ ፈርቻለሁ።

ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እርስዎ በፈቃድዎ የሰጡትን በፈቃድዎ ይነሡታል። ዘንድሮ ጨመሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ኑሮው ሲበላው ማን ጋ ሄደው ይጠይቃሉ? እርስዎ ጋ። እርስዎ ደግሞ የዚያን ቀን እንዴት እንዳደሩ ማን ያውቃል? አንድ አልጋ ለአራት ሰው የሚሆነው በጭማሪ አይደለም። መርፌ የወጋው ሰው የሚታከመው በጭማሪ አይደለም። ይህን ጽፌልዎት ነበር።

ለእናቴ ተመለሺ ብዬ አልጽፍላትም። ፎቁን የምትወጣው አስባበት ነው። ለወንድሜም አልጽፍለትም። ለእርስዎም ጋሼ ብዬ የምጽፈው ልጁ ሥራው ላይ ሲመለስ ነው። ጥያቄ በጠየቁኝ ቁጥር አንድ ሰው ይጎዳል፤ ከእንግዲህ የሚጠይቁኝ ነገር አይኑር።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 9

ለእህቴ ልጅ፣

ብትጠይቂም ባትጠይቂም እጽፍልሻለሁ። ሌላ ሰው አሳምሮ ሲነግርሽ ከምትሰሚ ከኔ ስሚው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ወንድምሽ አልነበረም፤ ዋርድ ቁስል እያጠበ ነው ተባልኩ። ጭማሪውን አብራራሁ። የሕፃናት ሕክምና የምትሠለጥን አንዲት እርጉዝ እጅዋን አወጣች።

«ዶክተር፣ ይሄ ጭማሪ ወልጄ በተኛሁበት ጊዜም ይከፈለኛል?»

«ስለ ወሊድ ፈቃድ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» አልኳት።

«እኔ ሌላ ጊዜ የለኝም» አለችና ሆዷን አሳየችኝ።

ሳቁ። መሳቅ ይወዳሉ። ተስፋ ያደረግሁት በወፍራሙ ነበር፤ ሲያሰላ አይቼዋለሁ። ተነሣና «እኔ አስልቼዋለሁ፣ ጭማሪው ጥሩ ነው። ችግሩ እርስዎ የተቆጡ ቀን አይሠራም» ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ እጅ ይውጣ ተባለ። ለገንዘቡ እጅ ያወጡ ነበሩ፤ ጥቂት አይደሉም። ያላወጡት ግን በለጡ። በእጄ ይዤው የመጣሁትን ደመወዝ አንፈልግም አሉኝ! በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ላይ እስከዚያ በተራ ይሸፍኑት የነበረውን የወንድምሽን ቦታ የሚይዝ ብጠራ አንድም የገባ የለም። ሌላውን ሥራቸውን ግን አንድ ደቂቃ አላጎደሉም፤ እንዳልከስሳቸው። ሳምንት ሙሉ ከነርስ ጋር ብቻዬን ሠራሁ። በዚህ ወገቤ።

ቦርዱ ጠራኝ። የኅብረት ስምምነቱን ፈርም ተባልኩ። ፈረምኩ። ጭማሪውን ግን ቦርዱ መልሶ ወሰደው፤ ደመወዛቸው ባለበት ነው። ያገኙት ለተረኛ አልጋ፣ የተራዘመ ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድ፣ መርፌ ለወጋው ሰው ሕክምና፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ደግሞም ያ የምትወጂው ነገር ነው፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ካልተሰጠው ማንም አይታገድም። በደመወዝ በኩል ማኅበሩ ያመጣላቸው ነገር የለም። ልክ ብለሽ ነበር።

ወንድምሽ ተመልሷል። ያጎደለውን ለማሟላት ከጓደኞቹ ወራት ዘግይቶ ነው የሚመረቀው። በእገዳዬ ይህን ያህል አሳክቻለሁ፤ ደስ ካላለሽ አይበልሽ። እናትሽ አልተመለሰችም። ልጄ ሥራው ሲመለስ ያለችውን ሳስታውሳት «መጋረጃውን ለምጄዋለሁ» አለችኝ።

ሰኞ ዕለት ከወንድምሽ ጋር አብረን ገባን። አንጀቱ የተጠማዘዘ ሽማግሌ ነበር። እጁ ከኔ እጅ ይልቅ ይረጋል፤ ይህን ለሰው ብትነግሪ እክዳለሁ። «መቀስ» እና «ያዝልኝ» ከምንለው በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ቆዳውን መስፋት እንደጀመርን በስምምነቱ የተወሰነው የሥራ ሰዓቱ አበቃ። ተተኪው እጁን ታጥቦ በሩ ላይ ቆሟል። ወንድምሽ የቀረውን ስፌት አሳየው፣ የተሰጠውን መድኃኒት ነገረው፣ አስረከበው። ጓንቱን አወለቀና ወጣ። እኔ ቆሜያለሁ! እኔ በሠለጠንኩበት ጊዜ አለቃው ቆሞ ሳለ ጓንቱን የሚያወልቅ ሠልጣኝ አልተፈጠረም።

ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የእገዳ ደብዳቤ ልጽፍ ወረቀት አወጣሁ። ስሙን ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ «ምክንያት» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌው ደህና ነው፤ ዛሬ ተቀምጦ ሾርባ ጠጥቷል። ርክክቡ እንከን የለውም። ሰዓቱም ሰዓቱ ነበር። ጸሐፊዬ ሁለት ጊዜ በሩን አንኳኩታ ተመለሰች።

ወረቀቱ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንቺ ጠበቃዋ ሁሉን ታውቂ የለ? የሚጻፍ ምክንያት ካለሽ ላኪልኝ።

አጎትሽ